እስከ ታኅሣሥ ዘጠኝ

መስከረም 11፣ ቅዳሜ

ይህን አጀንዳ የሰጠኝ ባንክ ነው። በየዓመቱ ይሰጡኛል፣ እኔም በየዓመቱ ለእህቴ ልጆች ሥዕል መሣያ እሰጠዋለሁ። ዘንድሮ ራሴ እጽፍበታለሁ። ከሚሴ ውስጥ የነገርከውን እንዳለ የሚይዝ ጆሮ የለም፤ ጠዋት የተናገርከው ከሰዓት በኋላ ሌላ ሆኖ ይመለስልሃል። የኔ እዚህ እንዳለ ይቀመጥ።

ሐሙስ ዕለት፣ መስከረም 9፣ ፊርደውስን ፈታሁ። ጉዳዩ ቀላል ነው። ሁለት የአዲስ አበባ ገዢዎች በረቴ ገብተው ሠላሳ ሙክት ፍየል መርጠው ጨርሰዋል፣ መኪናው ቆሟል። እሷ ሻይ ይዛ ወጣች። ሻዩን አስቀመጠችና፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ "እነዚያ ሦስቱ ሌሊቱን ሲያስሉ ነው ያደሩ" አለች። ሰዎቹ ሻዩን ጠጡና ባዶ መኪናቸውን ይዘው ሄዱ።

አልጮህኩም። አንድ ጊዜ ብቻ "ፈትቼሻለሁ" አልኳት። ሦስቴ የሚል ሰው ሞኝ ነው፤ በሩን ዘግቶ ቁልፉን ቦርከና ወንዝ ውስጥ ይወረውራል። አንዴ ያለ ሰው ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ዒዳዋ፣ የመጠበቂያ ጊዜዋ፣ ሳያልቅ "መልሼሻለሁ" ካልኩ ሚስቴ ናት፤ አዲስ የኒካህ ውል የለ፣ አዲስ የመህር ስጦታ የለ። ዒዳ ሦስት ወር ነው። ታኅሣሥ 9 ያልቃል።

እሷን ያኔውኑ ጨፋ አባቷ ቤት ላክኋት። ልጃችን ኢማን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤቷ እዚህ ስለሆነ እኔ ጋ ትቆያለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ ጋ ትውላለች። እህቴ ዘይና ቤቱን ለመያዝ መጥታለች። ከመጣች ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው፤ "ሂድና መልሳት።"

መስከረም 12፣ እሑድ

ሰንበቴ ገበያ ዋልኩ። ጠዋት ፍየል የገዛሁበት ቀን የለም። ጠዋት ሁሉም ንጉሥ ነው፤ ባለፍየሉ ዋጋ ይጠራል፣ ሞኝ ነጋዴ ይሻማል። እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ ጫቴን እቅማለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ያ ከቆላ የመጣው ሰው ፀሐይዋን ማየት ይጀምራል፤ የሚመለስበት መንገድ ሩቅ ነው። ያኔ ራሱ ወደ እኔ ይመጣል።

ፊርደውስም ትመጣለች። ወይ እሷ፣ ወይ አባቷ ሽማግሌ ይልካል። አሁን ገና ጠዋት ነው።

መስከረም 18፣ ቅዳሜ

ኢማን ከጨፋ ተመለሰች። ምን ዋላችሁ አልኳት። ማሽላ ውስጥ ወፍ ሲጠብቁ ዋሉ። ስለኔ ተጠየቀች ወይ? አልተጠየቀችም። የፊርደውስ አባት ሙሀመድኑር ኩሩ ድሃ ነው፤ ሁለት በሬና አንድ ኩራት አለው።

"ሁላችን ዙህርን ስንሰግድ እማ አልሰገደችም" አለችኝ ኢማን። "ቁጭ ብላ ታየን ነበር።"

ይኸው። ከኔ ቤት ከወጣች ዘጠኝ ቀኗ ነው፣ ሶላት መተው ጀመረች።

መስከረም 24፣ ዓርብ

የልብስ ሰፊው የቃሲም ልጅ ሪድዋን መጣ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተቀምጦ ቲያትር ተምሮ የመጣ ነው። አባቱ ለዚህ ስንት ሱሪ እንደጠቀመ ማን ያውቃል። አሁን ፊልም ሊሠራ ነው። ገንዘብ የሚያወጣለት ሰው የለም፤ ከጓደኞቹ ጋር አዋጥተው አንድ ካሜራ ተከራይተዋል።

"ስለምንድነው ፊልሙ?" አልኩት።

"ስለ ፍቺ፣ ጋሼ። ፍቺ ልጆችንና ቤተሰብን ምን እንደሚያደርግ።"

ዓይኔን ሊያየኝ አልደፈረም። ግቢዬን ነው የፈለገው፤ የሰፋና ብርሃን ያለው ነው አለኝ። አላመንኩትም። ባልና ሚስት የተለያዩበት ቤት ነው የፈለገው፣ አየሩ ካሜራው ውስጥ የሚገባ መስሎት።

ዘይና ከጓዳ ሆና "ፍቀድላቸው፣ ልጅቷ ትንሽ ትሳቅበት" አለች። እኔ ለልጅቷ ብዬ አይደለም የፈቀድኩት። ሳሎኑ ቀለም ይፈልጋል። ሲጨርሱ ግድግዳውን በራሳቸው ቀለም ቀብተው እንዲወጡ ተስማማን። ካሜራ የያዘ ሰው ብሩሽም ይይዛል።

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ጀመሩ። አምስት ሰዎች ናቸው፣ ሥራው ግን የአንድ ሰው ነው። አንዱ ገመድ ይጠቀልላል፣ አንዱ ገመዱን ይፈታል። አንድ ሰው በር ከፍቶ ሲገባ ለማንሳት ከጠዋት እስከ ምሳ። በሩ እኮ የኔ ነው፣ በቀን መቶ ጊዜ እገባበታለሁ፣ ማንም ድገመው ብሎኝ አያውቅም።

አባቱን የሚሠራው ቶፊቅ የሚባል የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። እናቲቱን የምትሠራው ጀነት ከደሴ ነው የመጣች። የሴት ዕቃ እንደሌለ አይታ "እናት ያለችበት ቤት አይመስልም" አለች። ዘይና ሳታማክረኝ የፊርደውስን ሳጥን ከፍታ ሰማያዊውን ሻሿን አወጣችላት። ጀነት አሠረችው። ኢማን አየቻትና ወደ በረቱ ሄደች።

ሻሹ እንዳይቆሽሽ ብያቸዋለሁ። ዕቃ ዕቃ ነው።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ልጅ ሆና እንድትሠራ ያመጧት ልጅ ካሜራ ፈራች። ሚናዋን ለኢማን ሰጧት። አንድ ጊዜ ነገሯት፣ በቃ ያዘችው። በኔ ወጥታለች።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ዛሬ የፍቺውን ቦታ አነሱ። ከበረት መጥቼ በር ላይ ቆሜ አየሁ። ቶፊቅ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ደም ሥሩ ይገተራል፣ "ፈትቼሻለሁ! ውጪልኝ!" ይላል። ጀነት መሬት ላይ ወድቃ ታለቅሳለች። አምስት ጊዜ ደገሙት፣ በየጊዜው ጩኸቱ ጨመረ። የተማሪ ቲያትር ነው።

መቻል አቃተኝ። "ሰው እንዲህ አይፈታም" አልኩ።

ሪድዋን ፊቱን አዞረ። "እንዴት ነው ጋሼ?"

ቶፊቅን ተነስ አልኩት፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። የሚጮህ ሰው እኮ እንድትለምነው የሚፈልግ ሰው ነው። የወሰነ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የሻይውን ብርጭቆ አነሳሁ፣ ጠጣሁ፣ በቦታው መለስኩት፣ ሻሿን እያየሁ፣ "ፈትቼሻለሁ" አልኩ። "ዕቃሽን ዘይና ትልክልሻለች።"

ሪድዋን ካሜራው ሲሠራ እንደነበር ነገረኝ፣ ካልከፋኝም ይህንኑ እንደሚጠቀም። ትምህርት ቤት ያላስተማሩትን በደቂቃ አስተማርኩት።

ኢማን በር ላይ ነበረች፣ ወጣች።

ዘይና ግን እሳት ሆነች። በዚህ ቃል አይቀለድም፣ ሁለተኛ ተቆጥሮብህ ቢሆንስ አለችኝ። የሴት ወሬ ነው። ሆኖም ነገ ቃዲውን እጠይቃለሁ፤ ያልተጣራ ነገር አልወድም።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ቃዲው ሳቀብኝ። ለጀነት የተነገረ ቃል ፊርደውስን አይነካትም፣ ሁለተኛ እንዳትደግመው ብቻ አለኝ። ከዚያ "የሷ ዒዳ መቼ ነው የሚያልቀው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ታኅሣሥ 9።"

"ከሷ ነው የሰማኸው?"

ከካሌንደር ነው የሰማሁት አልኩት። ሌላ ነገር ሊለኝ ሲል ሁለት ባለጉዳዮች ገቡ፤ ተነስቼ ወጣሁ። ያን ሁሉ ኪታብ ያነበበ ሰው ሦስት ወር መቁጠር አቅቶት ሚስቴን ጠይቅ ይለኛል።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ኢማን ተመለሰች። አያቷ ማር አብልቷታል። "እማ ዛሬም አልሰገደችም" አለች፣ ጣቷን እየላሰች። ባለፈው ሳምንትስ? ባለፈው ሳምንት ሰግዳለች። እንግዲህ ሲያሻት ትሰግዳለች፣ ሲያሻት ትተዋለች ማለት ነው። ሙሀመድኑር ልጁን መምከር ትቶ ማር ያበላል።

ስለኔ አልጠየቁም።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ሰንበቴ። አንድ ባለፍየል እስከ አሥር ሰዓት ጠበቀኝ፣ ጠበቅሁት። በፎጣው ሥር ዋጋ ለመናገር ጣቴን ሲጨብጥ እጁ ደክሞ ነበር። በኔ ዋጋ ሸጠ።

አርባ አምስት ቀን ቀረ።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ዛሬ የሽማግሌዎቹን ቦታ አነሱ። ከሰፈር ሦስት ሽማግሌ ጠርተው አስቀመጡ፤ የኛ ሽማግሌዎች በእውነተኛው ጉዳይ ዝር ሳይሉ ለፊልም ጋቢ አጣፍተው መጡ። ልጅቷን መሃል አቁመው "ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?" ይላሉ። እሷ "ከሁለቱም ጋር" ብላ ማልቀስ ነው ያለባት። ወረቀቱን አይቼዋለሁ።

ኢማን አላለቀሰችም። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸውና "መጀመሪያ እነሱን ጠይቋቸው" አለች።

ሪድዋን ካሜራውን አቆመ። አልደገሙትም። ዘይና ጓዳ ገብታ ቀረች። እኔ ለሪድዋን ነገርኩት፤ ልጅቷ ወረቀቱን አላጠናችም፣ ዘጠኝ ዓመት ሕፃን ናት፣ ብትደግመው ይሻላል። "አይ ጋሼ" አለኝ፤ ያ የሱሪ ሰፊ ልጅ።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ጨረሱ። ግድግዳውን አረንጓዴ ቀቡት፤ ነጭ ነበር ያልኳቸው። የተረፈ ቀለም አግኝተው ነው። ሻሹን ጀነት አጥባ አጣጥፋ መለሰች። ሳጥኑ ውስጥ መለስኩት። የሳሙና ሽታው የሷ አይደለም።

ግቢው ጸጥ አለ። ተገላገልኩ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ኢማን ዛሬ ሳልጠይቃት መጣችና ፊቴ ቆመች። "አባ፣ እማ ዛሬ አልሰገደችም" አለች።

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"አልሰገደችም" አለች እንደገና፣ ቀስ ብላ፣ ለደንቆሮ እንደሚነገር። "ይኸኛው ሦስተኛ ነው።"

በእናት ላይ ወሬ አይወሰድም ብዬ ቆጣ አልኩባት። ልጅን ሰላይ የሚያደርጋት ማን እንደሆነ አላውቅም። እኔ የምጠይቃት ስለ በሬዎቹና ስለ ማሩ ነው፤ ሌላውን ራሷ ነች የምታመጣው።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ይባስ ብላ ሂና ተቀባች። እጇንም እግሯንም። ኢማን ናት የነገረችኝ፤ ለራሷም ትንሽ መዳፏ ላይ አድርገውላት መጥታለች። "እማ ታጥባ፣ አዲስ ልብስ ለብሳ ነበር" አለችኝ። ከኔ አንድ ቃል ሳትሰማ፣ ባል እንዳላት ሴት ሂና።

ወይም ለኔ ይሆናል። ቀኑ እየቀረበ እንደሆነ አውቃ እያማረች ይሆናል። ዘጠኝ ሰዓት እየሆነ ነው፤ ፀሐይዋን ማየት ጀምራለች።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

ከጁምዓ ስንወጣ ሙሀመድኑርን መስጊድ በር ላይ አገኘሁት። "አካም ጅርታ፣ ልጄ" አለኝ፣ እጄን ይዞ ቆየ። ሊለምነኝ እንደሆነ ገባኝ። እኔ ቀድሜ አንድ ቃል ብናገር ዋጋው በሱ እጅ ይገባል፤ ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። "ልጅቷ ደህና ናት፣ አልሀምዱሊላህ" ብሎ ሄደ።

ሽማግሌ ሰው ነው፣ ፊቱ ላይ የነበረውን አላወቅሁትም። ማዘን ይመስል ነበር። ለኔ ያዘነ ይመስል።

ሳልነግረው ወስኛለሁ። ሰኞ ታኅሣሥ 7 እሄዳለሁ፣ ሁለት ቀን ሲቀረው። ያ የመጨረሻው ሰዓት ነው፤ ማንም ዋጋ አይጨምርብኝም። ስትመለስ ግን በገዢ ፊት አፍ እንዳትከፍት አስምላታለሁ። ሲያስሉ ከነበሩት ፍየሎች አንዱ ሞቷል፣ ያም ቢሆን።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ከሰንበቴ በጊዜ ተመለስኩ። ነጭ ጃለቢያዬን ዘይና ተኩሳዋለች። ለኢማን ነገ እናትሽን አመጣለሁ አልኳት። አየችኝ። የጨዋታ ፊት አልነበረም። "እሺ" ብቻ አለች።

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

ባጃጅ ይዤ ጨፋ ሄድኩ፤ ሁለት ኪሎ ስኳር፣ አንድ ቡና፣ አንድ ድሪያ ቀሚስ። ሙሀመድኑር አውድማ ላይ ነበር፤ ማሽላውን ትቶ መጣ፣ ቤት አስገባኝ፣ ውሃ ሰጠኝ። ፊርደውስ ከመጋረጃው ማዶ ተቀመጠች። የሂናው ቀለም ጣቶቿ ላይ ደብዝዟል፤ ከመጋረጃው ሥር ይታዩ ነበር።

ብዙ አላወራሁም። "መልሼሻለሁ፣ ልብስሽን ያዢ" አልኩ።

ከዚያ አባቷ፣ "ልጄ፣ ዒዳዋ እኮ ኅዳር 18 አለቀ" አለኝ።

ሦስት ወር ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል አልኩ። ቀኖቹን ቆጠርኩለት።

"ቁጥሩ የካሌንደር አልነበረም" አለች ፊርደውስ ከመጋረጃው ማዶ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። "የኔ ነበር። ሦስት ጊዜ አይቼ ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ኢማን እንኳ ታውቃለች። አንድ ቀን መጥተህ ብትጠይቅ ኖሮ እነግርህ ነበር።"

አባቷን ተመለከትኩት። በጁምዓው ቀን ለምን አልነገርከኝም አልኩት። "ትጠይቀኛለህ ብዬ እጅህን ይዤ ነበር" አለ።

እንግዲህ አዲስ ኒካህ፣ አዲስ መህር፣ ከሁሉ በላይ የሷ እሺታ። እሺ ባዮቹ እነሱ ሆኑ። ምን ትያለሽ አልኳት። በሕይወቴ ቀድሜ ዋጋ የጠየቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ሦስት ወር ላስብበት" አለች። "ባንተ አቆጣጠር፣ በካሌንደር። መጋቢት 7 መጥተህ ጠይቀኝ። እስከዚያ ግን እዚህ በር ላይ የሚያስል ፍየል ይዘህ እንዳትመጣ።"

ሙሀመድኑር ሳቁን በሳል ዋጠ። ስኳሩን አልመለሱም። ድሪያውን መለሱ።

መጋቢት 7 ረመዳን ውስጥ ነው የሚውለው። እየጾምኩ እንድለምናት ነው።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ቃዲው ዘንድ ሄድኩ፣ አታለውኝ እንደሆነ። አላታለሉኝም። ሦስት ወር የምትቆጥረው የወር አበባ የማታይ ሴት ናት አለኝ፤ የምታይ ከሆነ ግን ሦስቴ አይታ፣ በነዚያ ቀኖች ሶላት ትታ፣ ስትነፃ ያበቃል። "ባለፈው ልነግርህ ስል ነው የተነሳኸው" አለ። "ደግሞ በዒዳዋ ከቤትህ ማስወጣት አልነበረብህም። ቤትህ ብትቆይ ቁጥሩን አንተም ታውቀው ነበር።"

ገበያ ሁሉ ዒዳ ሦስት ወር ነው ይላል። ሁሉም ሞኝ ነው። ከሞኞች መረጃ የወሰደ ግን ምን ይባላል።

ቤት ገብቼ ኢማንን ጠራኋት። የሴት ልጅ አባት እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም፣ ግን ጠየቅኋት፤ እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?

የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር፣ እርሳሷን አላስቀመጠችም።

"ነግሬህ ነበር፣ አባ። ሦስቴ።"

አልነገርሽኝም ልል ነበር። አጀንዳው ጠረጴዛው ላይ ነው። ገለጥኩት። መስከረም 18። ጥቅምት 16። ኅዳር 14። በየሃያ ስምንት ቀኑ፣ በኔው እጅ ጽሑፍ።

ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ

ሪድዋን ጠራኝ፤ ፊልሙን በላፕቶፑ እየቆራረጠ እየቀጠለ ነው። እኔ ያለሁበትን ቦታ ሳላየው እንዳያወጣው ብሎ ነው። ጨዋነት ነው፣ ልንቀው ፈልጌ አልቻልኩም።

አየሁት። የተቀመጠው ሰው ሻዩን ይጠጣል፣ ብርጭቆውን ያስቀምጣል። ፊቱ ላይ ምንም የለም። እንዲህ ያለ ፊት ሰንበቴ ላይ ብዙ ጠቅሞኛል።

ከኋላዬ በሩ ይታያል፣ ኢማን ቆማለች። ያን ቀን ቃሉን ሰምታ የወጣች መስሎኝ ነበር። አይደለም። ብርጭቆውን ስጨብጥ ነው ፊቷን ያዞረች። አፌ ሳይከፈት ሄዳለች። መስከረም 9ም ሻዩን ጠጥቼ ብርጭቆውን አስቀምጬ ነው ያልኩት። ያን ቀን የት እንደነበረች ጠይቄ አላውቅም።

"ቁረጠው" አልኩት።

"እሺ ጋሼ" አለ፣ እጁን አነሳ።

"ተወው" አልኩት። "እንዳለ ይሁን።"

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ኢማንን ዛሬ ዘይና ሳትሆን እኔ ነኝ ጨፋ ያደረስኳት። አጥሩ ጋ አወረድኳት፣ አልገባሁም፣ ማታ መጥቼ ወሰድኳት። ባጃጁ ውስጥ ምን ዋላችሁ አልኳት። ማሽላ ወቅተው ጨርሰዋል። አንዱ በሬ እግሩን አሞታል፣ አያቷ ቅቤ አሽቶለታል። እናቷ የኢማንን ፀጉር ሠራችላት፣ ሁለት ጊዜ ሳቀች፤ አንዱን ጊዜ በምን እንደሳቀች ኢማን አታውቅም። ዙህርን ሰገደች፣ የከሰዓቱን አስርንም ሰገደች።

"ስለኔ ጠየቀች?"

ኢማን አሰበች። ለመዋሸት እንዳልሆነ ያስታውቃል።

"አልጠየቀችም" አለች። "ግን አባ ዛሬ ራሱ ነው ያመጣኝ ስላት፣ 'አየሁት' አለችኝ።"

አሁን ይህ ሁሉ የሚቆጠርበት ነገር የለም፣ ለምንም አይጠቅመኝም። ጻፍኩት።